ለትንንሾቹ አገሮች ስም ያወጣን ጊዜ

ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ሴንቲሜትር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አዲስ ተማሪዎቼን የምተዋወቀው በዚሁ ነው። በርጩማዬ ላይ ወጥቼ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ እጽፍና፣ ማየት የፈለገ አሁን አይቶ ይጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ጂኦግራፊ ነው የምንማረው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ትዝ አይለውም። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህ ዘዴ አንድም ዓመት አሳፍሮኝ አያውቅም።

የማወራው ግን ስለ ቁመቴ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ስላለ ነው ቁመቴን አስቀድሜ የተናገርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ከአንድ ካፌ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው አንድ አነስተኛ አሳታሚ፣ ለልጆች የሚሆን የዓለም አትላስ በአማርኛ ለማውጣት ተነሳ። ካርታዎቹ ተዘጋጅተዋል፤ ጽሑፉ ግን ከእንግሊዝኛ መመለስ ነበረበት። ቀድሞ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ስሜን ሰጠቻቸውና አምስት ምዕራፍ ደረሰኝ። ውቅያኖሱን፣ በረሃውን፣ ወንዙን፣ ተራራውን እየጨረስኩ አስረከብኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ዓለም እጅግ ትንንሽ አገሮች ነበር፤ ስለ ቫቲካን፣ ስለ ሞናኮ፣ ስለ ሳን ማሪኖ፣ ስለ ናኡሩ፣ ስለ ቱቫሉ። ባንዲራ አላቸው፤ ሕግ አላቸው፤ ማኅተም አላቸው። መሬታቸው ግን ከአንዳንዱ ክፍለ ከተማችን ያንሳል። ቫቲካን ብቻዋን የቦሌ ኤርፖርት ግቢ ውስጥ ገብታ ለአውሮፕላኖቹ ቦታ ይተርፋቸዋል።

እንግሊዝኛው እነዚህን አገሮች ማይክሮስቴት ይላቸዋል። አማርኛው ግን ቁርጥ ያለ ስም አላወጣላቸውም፤ ወይም ካወጣም እኔ አላገኘሁትም። መዝገበ ቃላት ገለበጥኩ፣ የድሮ የትምህርት መጻሕፍት አየሁ፤ አጣሁ። ስለዚህ «ማይክሮስቴት» ብዬ እንዳለ በፊደላችን ጽፌ ሰጠሁና ተገላገልኩ ብዬ አረፍኩ።

አርታዒው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የአንገት ልብሳቸውን በሙቀትም አይፈቱም፤ በኮምፒውተር አያርሙም፤ ወረቀት ላይ ታትሞ ካልመጣላቸው አያነቡም። እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይጠፋም። ስለ ቃል ሲናገሩ ሰው ስለ ልጁ የሚናገር ይመስላል፤ ይህ ያድጋል፣ ይህ ይቀጭጫል ይላሉ። አስቸጋሪ ናቸው ተብዬ ነበር፤ እውነትም አስቸጋሪ ነበሩ። ግን ያረሙልኝ ሁሉ ከጻፍኩት የተሻለ ስለነበር ቅሬታ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ታርሞ የመጣልኝ አንድ ሐሙስ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ፖስታውን ከፈትኩ። «ማይክሮስቴት» የሚለው ቃል በመጣበት ሁሉ ተሰርዟል። ከላዩ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «ድንክ አገር» ተብሎ ተጽፏል። ርዕሱም «የዓለም ድንክ አገሮች» ሆኗል። ገጹን ገለጥኩ፤ ድንክ። ሌላውን ገለጥኩ፤ ድንክ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ቆጠርኩ።

ያ ቃል ለእኔ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ልጅ ሆኜ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የሚባለው ነው። ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ሳይጠይቀኝ ብብቴን ይዞ ሽቅብ ሲያነሳኝ፣ ከኋላ ወንበር ሰዎች በሹክሹክታ የሚሉት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ቀን መኝታ ክፍሌ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ነው። አሁን ደግሞ በእኔ ስም በሚታተም መጽሐፍ ውስጥ፣ አገር በሚያክሉ ነገሮች ላይ ተለጥፎ አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሃያ ሁለት ሄድኩ። ጋሼ ማኪያቷቸውን ይዘው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ስለዚህ ቃል መነጋገር እፈልጋለሁ አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ስለ ቃል መነጋገር የሚፈልግ ሰው ሲመጣላቸው ሁልጊዜ ደስ ይላቸዋል። ማስረዳት ጀመሩ። ድንክ የሚለው ነውር የለበትም፤ ድንክ አልጋ እንላለን፣ ድንክ ፈረስ እንላለን፤ ሌሎች ቋንቋዎችም እነዚህን አገሮች እንደዚያው ይጠሯቸዋል፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ልጅ አይረሳውም። እያሉ እያሉ ከወረቀቱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ እውነተኛ ነበር። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ እኮ አላሰብኩትም።» ወዲያው ላጲሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ርዕሱን ሊፍቁ ጎንበስ አሉ።

እጄን ወረቀቱ ላይ አደረግኩ።

«ለእኔ ብለው አይፋቁት» አልኳቸው። «ቃሉ ትክክል ከሆነ ይታተም። ስህተት ከሆነ ደግሞ በራሱ ስህተት ይውደቅ እንጂ፣ ለእኔ ታዝኖ አይውደቅ።»

ይህን ለማለት ተዘጋጅቼ አልሄድኩም። ቤት ውስጥ ሳስበው የነበረው ሌላ ነበር፤ ተቆጥቼ ልናገር፣ ምናልባትም ሥራውን ትቼ ልወጣ ነበር። ግን ያ ላጲስ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ ሳይ፣ በሕይወቴ ስንት ነገር እንደዚያ ተፍቆልኝ እንደነበር ታወሰኝ። ፈተና ላይ ያዘኑልኝ መምህራን ነበሩ፤ ወረፋ ያስቀደሙኝ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ግን ከእኔ ጋር መከራከርን የሚያህል ክብር ሰጥተውኝ አያውቁም።

ጋሼ ቀና አሉ። ከዚያ ላጲሱን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እንግዲያው የተሻለ አምጪ» አሉኝ። «ካመጣሽ እፍቀዋለሁ። ካላመጣሽ ይታተማል። ማተሚያ ቤት የሚገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

ደረጃውን ስወርድ ልቤ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። ሰው «ካላመጣሽ ይታተማል» ተብሎ እንዲህ ደስ ሊለው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን በውድቀት አለፈ። «ጥቃቅን አገሮች» ብዬ ጀመርኩ፤ ማረፊያ ክፍል ስናገረው የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ጥቃቅን ሲባል ሁሉም ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ጥቃቅንና አነስተኛ ነው። የሒሳብ መምህሩ፣ ሞናኮ ተደራጅታ ኮብልስቶን ታነጥፋለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ንዑስ አገር» አልኩ፤ ይህ ደግሞ የሌላ አገር ቅርንጫፍ ያስመስላቸዋል። «ደቂቅ አገር» ስል የባዮሎጂ መምህርቷ ፊቷን አጨማደደች፤ ለእሷ ደቂቅ ማለት በማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ነገር ነው። «ሚጢጢ» አሻንጉሊት ሆነብኝ። «እፍኝ አገር» የሚለውን በጣም ወድጄው ነበር፤ ለጋሼ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እፍኝ አገሮች ሲባል ጥቂት አገሮች ማለት ይሆናል፣ ሌላ ፈልጊ» ብለው ዘጉት። ትክክል ነበሩ።

ብቻዬን እንደማልወጣው ሲገባኝ ነገሩን ወደ ክፍል ወሰድኩት። ተማሪዎቼን ስም የሌላቸው አገሮች አሉ፣ ስም እናውጣላቸው አልኳቸው። መጀመሪያ ግን አገሮቹ መኖራቸውን ማመን ነበረባቸው። ቫቲካንን ዙሪያዋን በእግር አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መዞር ይቻላል ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ። አንዱ፣ አገር በእግር አይዞርም ሚስ፣ ውሸት ነው አለኝ። ውሸት ነው መባል አልወድም። ማታ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ከትምህርት ቤታችን በር ተነስቶ፣ ከቪላዎቹ ጀርባ ዞሮ፣ ዋናውን መንገድ ታክኮ ተመልሶ በሩ ላይ የሚገጥም መንገድ አሰመርኩ። ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት ፈቀቅ ይላል። የቫቲካን ድንበርም እንደዚያው ነው።

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አገኘሁና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወጣሁ። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሁለት ሁለት ሆነው። በግራችን ያለው አገሩ ነው፣ በቀኛችን ያለው ውጭ አገር ነው አልኳቸው። እየሄድን አገሩ ውስጥ ያለውን እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ጋ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያ ጋ የአትክልት ቦታው፣ ከዚያ ወዲያ ፖስታ ቤቱ፣ ራዲዮ ጣቢያው፣ የባቡር ጣቢያው። አንድ ቪላ በር ላይ የተቀመጡ ዘበኛ ብድግ ብለው ይህ ምን ሰልፍ ነው ብለው ጠየቁን። ከልጆቹ አንዱ፣ «አገር እየዞርን ነው» ብሎ በኩራት መለሰላቸው። ዘበኛው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በርቱ አሉን።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የመረረው። ከኋላ ያለ አንድ ጎረምሳ፣ ይህማ አገር ሳይሆን ሰፈር ነው አለ፤ ሌሎቹም ሰፈር፣ ሰፈር እያሉ ተቀባበሉት። ከኋላዬ የምትሄድ አንዲት ልጅ ቆመች። እናቷ ከአንዲት ትንሽ የደሴት አገር የመጣች ዲፕሎማት ናት፤ ቦሌ ነው የሚኖሩት። ልጅቷ አማርኛን በሁለት ዓመት ውስጥ በጓደኞቿ አፍ ነው የለመደችው። ክፍል ውስጥ ካልጠየቅኳት አትናገርም ነበር። ዞር ብላ ተናገረች።

«የእኔ አገር በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ታልቃለች» አለች። «ሰፈር አይደለችም። እናቴ ስብሰባ ስትገባ ወንበሯ ከሁሉም ወንበር እኩል ነው። የትልቅ አገር ሰው አንድ እጅ ያወጣል፤ እናቴም አንድ እጅ ታወጣለች።»

ሰፈር ያለው ልጅ ጫማውን አየ። ትንሽ ቆይቶ፣ አገርሽ ባቡር አላት ወይ ብሎ ጠየቃት፤ የላትም፣ ግን መርከብ አላት አለችው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ አብረው ሲሄዱ አየሁ፤ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። እኔ ግን ያለችውን በልቤ ይዤ ነበር። የምፈልገው ቃል ምን ማለት እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ትንሽ የሆነ፣ ግን የጎደለ ያልሆነ ነገር ስም ነው የምፈልገው።

አንድ ሱቅ አጠገብ ጥላ አገኘንና ውኃ ልንጠጣ ተቀመጥን። የምፈልገውን በዚያው ቃል ነገርኳቸው፤ ትንሽ የሆነ፣ ያልጎደለ። ልጆቹ ያመጡትን ሁሉ ብጽፈው ገጹ አይበቃኝም። ጠብታ አሉ፣ ነቁጥ አሉ፣ ቁንጥር አሉ፣ አንዱ ቺፕስ አለ።

ከሱቁ ደረጃ ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ቤተሰቦቿ ከቡታጅራ ወገን ናቸው፤ አባቷ ሾላ ገበያ እህል ይነግዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ እሱን ስታግዝ ነው የምትውለው። በእጅ ጽሑፏና በቀልዷ የምትታወቅ ልጅ ናት፤ አሁን ግን አልቀለደችም።

«ቅንጣት ቢባልስ፣ ሚስ?» አለች።

ቅንጣት ማለት እኮ ምንም ማለት ነው አሏት ሌሎቹ።

«አይደለም» አለች። «ፍርፋሪ ከሌላ ነገር የተቆረሰ ነው። ክክም የተከፈለ ነው። ቅንጣት ግን ሙሉ ነው። አባቴ ስንዴ ሲገዛ መዳፉ ላይ ይዘረጋና አንዷን ቅንጣት በጥርሱ ይሰብራታል። የኩንታሉን ነገር የሚያውቀው በእሷ ነው።»

የምፈልገውን እንዳገኘሁ አወቅኩ። ልጆቹ ፊት ግን መምህር መሆን አለብኝ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናስብበታለን አልኩና ተነሡ አልኳቸው። የቀረውን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው አላስታውስም። በሩ ላይ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። ከነዕረፍታችን፣ ከነክርክራችን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ወስዶብናል። ውሸት ነው ያለኝ ልጅ ራሱ፣ ዕረፍቱ ካልተቆጠረ ከሰዓት በታች ነው ብሎ ለጓደኞቹ አወጀ።

ቅዳሜ በማለዳ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ቃሉን በልጅቷ አፍ ብቻ ይዤ ጋሼ ፊት መቅረብ አልፈለግኩም፤ እሳቸው ማን ይለዋል፣ የት ይባላል ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አባቷ ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር። የልጁ መምህርት መሆኔን ሲሰማ የት እንደሚያስቀምጠኝ ጠፋው፤ መጨረሻ ላይ የስንዴ ጆንያ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋልኝ። ስለ ምን እንደመጣሁ አልነገርኩትም። ከተከፈተው ጆንያ አንዲት ፍሬ አነሳሁና፣ ይህችን ምን ትሏታላችሁ አልኩት።

«ቅንጣት ነቻ» አለኝ፤ ጥያቄው ገርሞት።

ከሥር ፈልጌ ለሁለት የተሰበረ ፍሬ አወጣሁና ይህንንስ አልኩት።

«ያ ስባሪ ነው፤ ቅንጣት አይባልም። ስባሪ ሲበዛበት ስንዴው ይወድቃል» አለኝና ቀጠለ፤ «ቅንጣት ሲሆን ይዘሩታል መምህርት፤ ይበቅላል።»

ይህን የመጨረሻውን አልጠየቅኩትም ነበር። ከጠየቅኩት በላይ ሰጥቶኝ ወጣሁ።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ሃያ ሁለት ነው የሄድኩት። ጋሼ የተለመደው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ቃሉን ስነግራቸው ለብቻቸው አንዴ በአፋቸው አንቀሳቀሱት። ከዚያ ጦርነቱን ከፈቱ። ቅንጣት ታህል እውነት የለውም እንላለን፣ ቅንጣት ታህል አላዘነም እንላለን፤ ይህ ቃል አገሮቹን ከምንም ጋር አያጠጋቸውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ሲኤምሲ ላይ ልጆቹ ጠይቀውታል፤ እኔም ሌሊቱን ስመልሰው ነው ያደርኩት።

ቅንጣት ታህል የምንለው ከዚያ በታች መውረድ ስለማይቻል ነው አልኳቸው። ከቅንጣት በታች ስንወርድ ስንዴው ስንዴ መሆኑ ይቀርና ዱቄት ይሆናል። አገርም እንደዚያው ነው፤ ከእነዚህ በታች ያለው ቀበሌ እንጂ አገር አይደለም።

ከዚያ፣ ድንክስ ምን አጠፋ፣ እሱን አልነገርሽኝም አሉኝ። የፈራሁት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የምመኘውም እሱን ነበር።

«ድንክ ፈረስ ስንል፣ ትክክለኛው ፈረስ ሌላው ነው፣ ይሄ ያጠረው ነው ማለታችን ነው» አልኳቸው። «ድንክ የሚለካው ሁልጊዜ በሌላ ነው። ቅንጣት ግን የሚለካው በራሱ ነው። እኔ ይህን ቃል ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ ጋሼ፤ ምን እንደሚመዝን ከመዝገበ ቃላት በላይ አውቀዋለሁ። ለራሴ ስል አይደለም የምነግርዎት፤ ስለማውቅ ነው።»

ጋሼ ተነሱ። ከጎን ክፍል ካርታዎቹን የሚያቀናብረውን ወጣት ጠሩትና ወረቀቱን ሰጡት። ጮክ ብለህ አንብብ፣ «ድንክ» በሚለው ፋንታ ቅንጣት በል አሉት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ አነበበ፤ «ሳን ማሪኖ ዙሪያዋን በጣሊያን የተከበበች ቅንጣት አገር ናት።» ድገመው አሉት። ደገመው። አንዴ ደግሞ አሉት። ሦስተኛውን ሲያነብ ከንፈራቸው አብሮት ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ተቀመጡ። ላጲሳቸውን አወጡና ከርዕሱ ጀምረው ቃሉን በየቦታው ይፍቁ ጀመር፤ በችኮላ ሳይሆን በዝግታ፣ ፍርፋሪውን እፍ እያሉ። ወረቀቱ ነጭ ሲሆን እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺው ጻፊው» አሉኝ። «አሸንፈሽኛል። ለማስደሰት ብዬ እንዳልሆነ ግን እወቂ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

አሥራ ዘጠኙንም ቦታ በራሴ እጅ ጻፍኩ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ እርሳሳቸው ባረፈበት ወረቀት ላይ እጁን የጫነ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ መሆኔን ነገሩኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ትንሽ ዘግይተው ያገኙት ነገር ይመስል ነበር።

አትላሱ ከክረምቱ በፊት ወጣ። ምረቃው ቦሌ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ተናጋሪ ሆኜ ስለተጠራሁ አስተባባሪዎቹ ተጨንቀው ከንግግሩ ጠረጴዛ ኋላ ሣጥን አስቀምጠውልኝ ነበር። አመሰገንኳቸውና ማይክራፎኑን ብቻ ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ፤ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆሜ፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ እየታየሁ ተናገርኩ። ቃሉ ከማን እንደተገኘ ስነግር የሾላዋ ልጅ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ ነሳች። አባቷ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከአጠገቧ ነበር። ጭብጨባው ሲጀመር ግራ ቀኙን አየ፤ ለልጁ መሆኑን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ካወቀ በኋላ ግን ከሁሉም በኋላ ማጨብጨብ ያቆመው እሱ ነበር። ጋሼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ገጽ ይገልጣሉ፤ የፊደል ስህተት ሲፈልጉ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አንድ አግኝተዋል፤ እሱም በወንዞቹ ምዕራፍ ነው።

ዲፕሎማቷ እናትም መጥታ ነበር። ረጅም ሴት ናት። መጽሐፉን ይዛ መጣችና ልጇን አንብቢልኝ አለቻት። ልጅቷ የአገሯን ባንዲራ ያለበትን ገጽ ከፍታ በአማርኛ ጮክ ብላ አነበበች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ በራሳቸው ቋንቋ ተረጎመችላት። እናትየዋ አንድ ቃል ላይ አስቆመቻትና ጠየቀቻት። ልጅቷ መልስ በመስጠት ፋንታ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገጣጠመች፤ አንዲት ፍሬ እንደያዘ ሰው። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋም አሳየቻት። እናትየዋ ያንን ባዶ ጣት ለጥቂት ጊዜ በጥሞና አየችው፤ ከዚያ ሳቀች። ወደ እኔ ዞራም በተሰባበረ አማርኛ፣ «አዎ፣ እንደዚህ ናት» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ላምበረት አጠገብ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንድ ወጣት መምህር ፈተና ያባዛል። ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱ ትኩስ ትኩሱን ከማሽኑ እየወጣ ጠረጴዛው ላይ ይከመራል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ለእኔ ልክ በዓይኔ ትክክል ነው። ስድስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ቅንጣት አገር የምትባለው የትኛዋ ናት?»

ይቅርታ ጠየቅኩትና ይህን ቃል ከየት አገኘኸው አልኩት። መጀመሪያ ማን እንዳናገረው ፈለገ፤ ዝቅ ብሎ አገኘኝ። የትኛውን አለኝ። ቅንጣት አገር የሚለውን አልኩት። ገረመው።

«ከድሮም ያለ ቃል ነው እኮ» አለኝ።

ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እውነትህን ነው» አልኩት፤ «ከድሮም ያለ ነው።»

ወረቀቱን ሰብስቦ ሲወጣ መንገድ ለቀቅኩለት።